ተቀበል፦ የሙዚቃ ሕክምናን በዩኒቨርሲቲ ስለ መማር

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለወላጆችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ዕለቱ እሑድ ነው። ገሚሶቻችሁ ከቅዳሴ በቀጥታ መጥታችኋል፤ ገሚሶቻችሁ ደግሞ ማታ ፈረቃ ትገባላችሁ። በመካከል ያለችውን ዕረፍት ለዚህ ጉዳይ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ አንድ ዲግሪ እንድናገር ነው፤ ስለ ሙዚቃ ሕክምና። ብዙ ወላጅ ይህን ስም ሲሰማ ሁለቱ ቃላት አብረው አይሄዱለትም። "ሕክምና" ሲባል ደስ ይለዋል፤ "ሙዚቃ" ሲባል ፊቱ ይለወጣል። በቤቴ ስላየሁት አውቀዋለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ ነው ያስተማረኝ። ነርሲንግ መግባቱን ትቼ የሙዚቃ ሕክምና ልማር መሆኑን የነገርኩት ዕለት ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ "ልጄ፣ እኔ አገሬን ትቼ የመጣሁት አንቺ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?" አለኝ። ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። እሱ ባደገበት አገር በሙዚቃ የሚተዳደር ሰው ሠርግ ላይ ይፈለጋል፤ ልጁን ለማጋባት ሲመጣ ግን በር ይዘጋበታል። ያን ዕለት የምመልስለት አልነበረኝም፤ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እኔም በቅጡ አላውቅም ነበርና። ዛሬ የምናገረው ያኔ ልመልስለት ይገባ የነበረውን ነው።

አካሄዴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዲግሪው ለምን እንዳስፈለገ ባጭሩ አነሣለሁ። ቀጥዬ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ተማሪው ምን እንደሚማር እገልጻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የምወስደው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ትምህርቱ ቃል ሊገባ የማይችለውን፣ ቀጥሎም ከእኛ ቤት የወጣ ልጅ ምን ይዞ እንደሚገባ እናያለን። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሙዚቃ የታመመን ሰው እንደሚያሳርፍ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገም። ሳኦል ሲጨነቅ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እናቶቻችን ትኩሳት የያዘውን ሕፃን በጀርባቸው አዝለው እያንጎራጎሩ ሌሊቱን ያነጉ ነበር። በዛር ቤት የሚሆነውን ብንስማማበትም ባንስማማበትም፣ ከበሮውና ዘፈኑ ለበሽተኛ ተብሎ የሚመታ ነው፤ በ1932 ጎንደር የከረመው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ ይህንኑ በዝርዝር ጽፎታል። በዚህ በአሜሪካም ቢሆን፣ በ1804 እና በ1806 ሁለት የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ሙዚቃ በበሽታ ላይ ስላለው ኃይል የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ጽፈዋል። በ1919 ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በጉዳዩ ላይ ኮርስ ተሰጥቶ ነበር።

ዲግሪው ግን የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታሎች ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አካላቸውም መንፈሳቸውም ቆስሎ ተመለሱ፤ ሙዚቀኞችም በበጎ ፈቃድ በየክፍሉ እየገቡ ይጫወቱላቸው ጀመር። ሐኪሞቹ ለውጥ አዩ። ከማንም ጋር የማይነጋገረው ሰውዬ ቀና አለ፤ ምግብ እምቢ ያለው በላ። ወዲያው ደግሞ ጥሩ መጫወት ብቻውን እንደማይበቃ ታያቸው። ሙዚቀኛው ያዘጋጀውን ተጫውቶ፣ ተጨብጭቦለት ይሄዳል። ያ ዜማ የሞተ ጓደኛውን አስታውሶት ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረውን ወታደር ማን ይከታተለው? ስለዚህ ሆስፒታሎቹ የሠለጠነ ሰው ጠየቁ። ሚሺጋን ስቴት በ1944 የመጀመሪያውን የዲግሪ ትምህርት ከፈተ። በ1946 የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ፤ ዛሬ የሙያው አባት የሚባለው ታየር ጋስተን ያስተምር የነበረው እዚያ ነው። በ1950 የሙያ ማኅበር ተቋቋመ። በእንግሊዝ ደግሞ የቼሎ ተጫዋቿ ጁልየት አልቪን በ1958 ማኅበር መሠረተች፤ በ1968 ለንደን በሚገኘው የጊልድሆል ሙዚቃ ትምህርት ቤት ኮርሱን አስጀመረች።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ወላጆች አንድ ነገር እንዲይዙልኝ ነው። ዲግሪው የተወለደው ሙዚቃ ሊጎዳም እንደሚችል ስለታየ ነው። ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ትንሽ ጩኸት እንኳ ትበዛበታለች። በሙዚቃ የሚነሣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ሰዎች አሉ። ጦርነት ያየ ሰው በአንድ ከበሮ ድምፅ ተመልሶ እዚያው ጦር ሜዳ ሊገባ ይችላል። መድኃኒት ያለ ትምህርት እንደማይታዘዝ ሁሉ ይህም ያለ ትምህርት አይሠራም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ምን ይማራሉ?

የአሜሪካው ባችለር ዲግሪ በግምት ግማሽ ያህሉ፣ 45 በመቶው፣ ንጹሕ ሙዚቃ ነው። 15 በመቶው እንደ ሥነ ልቦናና የሰውነት አሠራር ያሉ የሕክምና መሠረቶች ናቸው፤ ሌላ 15 በመቶ ራሱ የሙዚቃ ሕክምናው ነው። የቀረው ማንኛውም የኮሌጅ ተማሪ የሚወስደው አጠቃላይ ትምህርት ነው። ለመግባት እንደ ማንኛውም የሙዚቃ ተማሪ በኦዲሽን ይፈተናሉ። ዋና መሣሪያህ ምንም ይሁን ምን፣ ከመመረቅህ በፊት ጊታር፣ ፒያኖ፣ ድምፅና ከበሮ መቻል አለብህ። ኮንሰርት እንደሚሰጥ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ግን ዓይንህን ከበሽተኛው ሳትነቅል መጫወት አለብህ። መምህሬ ጣቶቼን እያየሁ ጊታር ስመታ ባገኘችኝ ቁጥር፣ "ገመዱን አንቺ ካየሽ በሽተኛውን ማን ይየው?" ትለኝ ነበር። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በተሰነጠቀ ድምፅ መዝፈን ሲጀምሩ ቃናቸውን በሰከንድ ውስጥ አግኝተህ መሣሪያህን ወደ እሳቸው ማውረድ አለብህ። እሳቸው ወደ አንተ አይመጡም።

ከዚያ መጻፍ ይማራሉ። ልጆቻችሁ ክራር እየመቱ ብቻ አራት ዓመት የሚፈጁ እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀቱ ብዙ ነው። በሽተኛው ሲገባ ምን ይችል ነበር፣ ምን ላይ እንሠራለን፣ በስንት ሳምንት፣ እንዴት እንለካዋለን? "ደስ እንዲላቸው" ተብሎ ቢጻፍ መምህሩ በቀይ ይሰርዘዋል። "ስትሮክ የመታቸው እኚህ ሰው በምቱ እየተመሩ፣ በአንድ ሰው ድጋፍ፣ አሥር እርምጃ ይራመዱ" ቢባል ግን ይቀበለዋል። ቋሚ ምት እግርን እንደሚያስተካክል ደግሞ ተጠንቷል፤ ማይክል ታውት የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ በስትሮክና በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ ያሳዩት ይህንን ነው።

የትምህርቱ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ክሊኒካል ኢምፕሮቪዜሽን የሚባል ኮርስ አለ፤ ሕክምና ውስጥ በቦታው ፈጥሮ መጫወት ማለት ነው። መሠረቱን የጣሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ክላይቭ ሮቢንስ። በ1959 እንግሊዝ አገር በሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ተገናኙ። አንዱ ፒያኖ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላው ከልጁ ጋር ከበሮው ዘንድ ቆመ። መናገር የማይችለው ልጅ ከበሮውን አንዴ ቢመታ፣ ፒያኖው ያንኑ ምት በዚያው ኃይል አንሥቶ ይመልስለታል። ልጁ ቢጮኽ፣ ጩኸቱ የወጣበትን ቃና ፒያኖው ይይዘዋል። ልጁ ቀስ በቀስ፣ "ይህ ድምፅ የሚመልሰው ለእኔ ነው" ብሎ ይገባዋል። ከዚያ ሆን ብሎ ይመታል። ከዚያ ይጠብቃል። ቃል የሌለው ልጅ ተራ ጠብቆ መነጋገር ጀመረ ማለት ነው።

ይህን ኮርስ ስወስድ ነጮቹ ጓደኞቼ ተጨነቁ። ያደጉት ኖታ እያነበቡ ነውና ወረቀቱ ሲነሣባቸው ጣታቸው ደረቀ። እኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ አዝማሪ ቤት። እንግዳው ብርጭቆውን አስቀምጦ "ተቀበል!" ይላል፤ ስንኙን ይወረውራል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ የሰውየውን ቃል ይይዛል፤ አንዲት ቃል ሳያስቀር ያዜመዋል፤ ከዚያ የራሱን ይጨምርበታል። ስካሩንም፣ ንዴቱንም፣ ኩራቱንም ከነድምፁ ይቀበላል። ቀድሞ የራሱን ቢጀምር አዝማሪ አይባልም። አባቴ እንደ ውርደት የቆጠረው ሙያ ውስጥ፣ አሜሪካ ያለው የኮርሱ መምህሬ በብዙ ድካም የሚያስተምረው ነገር ቁጭ ብሎ ነበር። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። አዝማሪው የሚቀበለው መናገር ከሚችል፣ ብርም ከሚሸልም ሰው ነው። ቴራፒስቱ የሚቀበለው ጣቱን ብቻ ከሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ከዚያ ወጥቶ የሰማውን መጻፍ፣ ለአለቃው ማስረዳት፣ በሚቀጥለው ሳምንትም በዚያው ላይ መሥራት አለበት።

እኔ ራሴ መቀበል ያልቻልኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ለልምምድ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተመደብኩ። የመርሳት በሽታ የጠናባቸው አንዲት የአገራችን እናት ነበሩ፤ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው አማርኛ ብቻ ቀርቷቸዋል። ነርሶቹ ቋንቋውን የምትችል ተማሪ መጣች ብለው ደስ አላቸው። እኔም ኮራሁ። በእሳቸው የወጣትነት ዘመን የታወቀ የትዝታ ዘፈን መርጬ፣ ጊታሬን አሳምሬ ቃኝቼ ገባሁና መጫወት ጀመርኩ። እማማ አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነጠላቸውን ተከናነቡ፤ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልቅሶው የሚያቀልላቸው መስሎኝ ቀጠልኩ። ጊታሩን በእግራቸው ገፉት። ተቆጣጣሪዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በእጇ አስቆመችኝ።

ማታ ስትጠይቀኝ ስለ ዘፈኑም ስለ ጊታሩም ምንም አላለችኝም። "ስትገቢ እጃቸው ምን ያደርግ ነበር?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አላየሁም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ እጄን ገብቼ ከዊልቸሩ ጎን ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የእማማ ቀኝ እጅ ጨብጦ የወንበሩን መደገፊያ ይመታል። ሁለቴ፤ ትንሽ ያርፋል፤ አንዴ ጠንከር አድርጎ ይጨምራል። እንደገና ሁለቴ፤ ዕረፍት፤ አንዴ። እኔም ጉልበቴ ላይ ያንኑ መታሁ። እጃቸው ቆመ። እኔም ቆምኩ። ጥቂት ቆይተው መቱ፤ መለስኩ። ይህ ለብዙ ደቂቃ ቀጠለ። ከዚያ እማማ ከጉሮሯቸው ዝቅ ያለ ድምፅ አወጡ፤ ቃል የለውም፤ ማንጎራጎር ነው። በዚያው ከፍታ፣ ከእሳቸው አንሼ አንጎራጎርኩ። ቀና ብለው አዩኝና "ጨው አልሽበት?" አሉኝ። ነርሷ ወራት ሙሉ ከአፋቸው ጥያቄ ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ምን እንደጠየቁኝ የገባኝ ልጃቸው ስትመጣ ነው። እጁ የሚያደርገውን ባሳየኋት ጊዜ ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። "እማዬ ቡና እየወቀጠች ነው" አለችኝ። ዘነዘናው ሁለቴ ላላ ብሎ ይወርዳል፤ ቡናው ይገለበጣል፤ ከዚያ ጠንክሮ አንዴ። በአገራቸው ደግሞ ቡናው የሚጠጣው በጨው ነበር። ስለ ዘፈኑ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። "ሁዳዴ ነው እኮ! ዕድሜዋን ሙሉ በጾም ዘፈን ሰምታ አታውቅም" አለችኝ። ኦርቶዶክስ ቤት ያደግኩ ነኝ። የቀን መቁጠሪያው እኔም ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

በዚያ ክፍል የተማርኩት ከመጽሐፍ አልመጣልኝም፤ ግን ያለ ዩኒቨርሲቲው አይገኝም ነበር። በር ላይ ቆሞ የሚያይ፣ ማታ ትክክለኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የልምምዱ ሰዓት የተደነገገው። በአሜሪካ ቢያንስ 1,200 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 900ው ከኮርሱ በኋላ የሚመጣው ኢንተርንሺፕ ነው። ወላጆች "ለምንድን ነው በአራት ዓመት የማያልቀው?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አንጎልም ትንሽ ልበል፤ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። የግራውን የአንጎል ክፍል ስትሮክ የመታው ሰው ቃል ሊጠፋበት ይችላል። የሚናገረውን ያውቃል፤ አፉ ግን አይታዘዝለትም። የሚገርመው፣ ያው ሰው የለመደውን መዝሙር ከነግጥሙ ሊዘምር ይችላል። በ1973 ቦስተን ያሉ ባለሙያዎች ይህንን ተከትለው ንግግርን በዜማ የሚመልስ ዘዴ አሳወቁ። በአማርኛ እንዲህ አስቡት። "ውሃ ስጪኝ" የሚለውን ቃል በሁለት ቃና ብቻ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ ታዜማለህ። በእያንዳንዱ ክፍለ ቃል የታማሚውን ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ መታ ታደርጋለህ። መጀመሪያ ያንጎራጉራል፤ ቀጥሎ አብሮህ ያዜማል፤ አንተ በመሀል ድምፅህን ታጠፋለህ፤ እሱ ይጨርሳል። በመጨረሻ ዜማው እየሳሳ ወደ ተራ ንግግር ይወርዳል። የሚሠራው ዜማው ነው ወይስ ምቱ የሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። በጥር 2011 አሪዞና ውስጥ ጭንቅላቷን በጥይት የተመታችው የምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ ንግግሯን መልሳ ለማግኘት ስትታገል የሙዚቃ ሕክምና ከረዷት ነገሮች አንዱ ነበር። ዛሬም ንግግሯ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ይህንንም አብሬ መናገር አለብኝ።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያሻግረኛል። ትምህርቱ ቃል የማይገባው ምንድን ነው?

በየስልኩ የሚላክ ነገር አያለሁ፤ ይህ ዜማ ካንሰር ያድናል፣ ያኛው ቅኝት ጭንቀት ይነቅላል የሚል። እኅቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ይህን የሚልህ ሰው ይህን ዲግሪ አልተማረም። የተማረ ሰው ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃው ሲያሳዝነውም ይናገራል። ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በ11 ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው የተወለዱ 272 ሕፃናትን ተከታትሏል። ባለሙያዎቹ ከሕፃኑ ትንፋሽና እንቅስቃሴ ጋር እያስተካከሉ፣ ወላጆቹ የመረጡትን እሹሩሩም በቀጥታ እየዘመሩ ሠሩ፤ የሕፃናቱ የልብ ምት ረገበ፣ የወላጆቹም ጭንቀት ቀነሰ። ደስ ይላል። በ2017 ደግሞ በ9 አገሮች ኦቲዝም ያለባቸው 364 ልጆች የተካተቱበት ጥናት ወጣ። የተመረመረው ያ ቅድም የነገርኳችሁ፣ በቦታው ፈጥሮ የመጫወት ዘዴ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ሲለካ፣ ሙዚቃው የተጨመረላቸው ልጆች የኦቲዝም ምልክታቸው ከሌሎቹ በጉልህ የተለየ አልነበረም።

ይህ ውጤት ሲወጣ አለቀስኩ። በየቀኑ የማየው ለውጥ ሐሰት ነው ማለት ነው? እያልኩ ከረምኩ። በኋላ የገባኝ፣ የተለካው የኦቲዝሙ ምልክት እንደነበረ ነው። እናት ግን ወደ እኔ የምትመጣው "ልጄ አየኝ፣ ተራዬን ጠበቀልኝ" ለማለት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ግን ሁለተኛውን ተገን አድርጌ የመጀመሪያውን ላድበስብሰው አልችልም። ስለዚህ ዛሬ ለወላጅ የምናገረው በልክ ነው። ኦቲዝምን አላጠፋም እላለሁ። ከልጅዎ ጋር የምንገናኝበትን መንገድ ግን እፈልጋለሁ፤ ስናገኘውም እርስዎ ቤት ይዘውት እንዲሄዱ አስተምርዎታለሁ እላለሁ። ወላጆችም በልክ የተነገራቸውን ያውቃሉ፤ በባዶ ተስፋ ከሚታለሉ ይህን ይመርጣሉ።

አሁን ወደ ልጆቻችሁ ልመለስ። ከእኛ ቤት የወጣ ተማሪ ምን ይዞ ይገባል?

የአሜሪካው ሥርዓተ ትምህርት የተሠራው በጊታርና በፒያኖ ዙሪያ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን የሚያስተምር አላገኘሁም። የመርሳት በሽታ ደግሞ የኋለኛውን ቋንቋ አስቀድሞ የሚወስድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በስተርጅና የሚቀረው የልጅነቱ ነው። በዚህ አካባቢ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖሩ ወላጆቻችን አሁን እያረጁ ነው። ማን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ሊቀበላቸው ነው? ቋንቋውንም ቢሆን መናገር ብቻ አይበቃም። የኦርቶዶክስ እናት በጾም ዘፈን አይሰሙም፤ በገና ቢሆን ግን በሁዳዴም ልባቸው ይከፈታል። ጴንጤ የሆኑት አባት በፋሲካም ዘፈን አይፈልጉም፤ መዝሙር ሲሰሙ ግን ይነሣሉ። ሙስሊሟ እናት መንዙማ ሲሰሙ እንባቸው ይወርዳል። ሌሎች ደግሞ አሉ፤ የወጣትነታቸው የዳንስ ባንድ እንጂ ሌላ የማይነካቸው። "ኢትዮጵያዊ ናቸውና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ይከፈትላቸው" የሚል ትእዛዝ በጎ ልብ ያለው ነርስ ጽፎ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የእማማ ነጠላ ትዝ ይለኛል።

በአገር ቤትም ሥራው አለ። አዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም አለ። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ አፍሪካ ውስጥ ምሳሌ አለ። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሙዚቃ ሕክምናን በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል፤ ትምህርቱን ከመሠረቱት አንዷ መርሰዴስ ፓቭሊቼቪች ነበሩ። ከእናንተ መካከል አንዱ ተምሮ ተመልሶ እንዲህ ያለ ነገር ቢያቆም ምኞቴ ነው። ይህን ስል ድምፄ ቢንቀጠቀጥ አትፍረዱብኝ።

ስለ ተግባሩ ባጭሩ። ለመጀመሪያ ዲግሪ በአሜሪካ ከ70 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ለእኛ ቅርብ የሆኑት በቨርጂኒያ ሼናንዶና ራድፎርድ፣ በፊላደልፊያ ደግሞ ቴምፕል ናቸው። ኢንተርንሺፑ ሲያልቅ ብሔራዊ ፈተና አለ፤ ፈተናውን የሚሰጠው ቦርድ በ1983 የተቋቋመ ነው። ከዚያ በየአምስት ዓመቱ ማሳደስ አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በቅርብ ዓመታት የመንግሥት የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ አውጥተዋል። ሌላ የሙዚቃ ዲግሪ ያለው ሰው የጎደሉትን ኮርሶችና ልምምዱን አሟልቶ ሊገባ ይችላል። ወደ እንግሊዝ የሚያስብ ግን እዚያ መግቢያው ማስተርስ መሆኑን፣ ስሙም በሕግ የተጠበቀ መሆኑን ይወቅ። ደመወዙ በአብዛኛው ከነርስ ያንሳል፤ አልደብቃችሁም። ኢንተርንሺፖችም ብዙዎቹ አይከፍሉም፤ ስለዚህ የዚያን ግማሽ ዓመት ኪራይ ከወዲሁ አስቡበት። እኔ በዚያ ወቅት ቅዳሜና እሑድ ካፌ ሠርቻለሁ፤ አባቴም፣ እያጉረመረመ፣ የመኪናዬን ኢንሹራንስ ከፈለልኝ።

ለኦዲሽን የምትሄዱ ልጆች፣ የተጠየቃችሁትን ካቀረባችሁ በኋላ ክራሩን ወይም ማሲንቆውን ይዛችሁ እንደመጣችሁ ንገሯቸው። ፈታኞቹ ምናልባት አያውቁት ይሆናል፤ እንድታሰሙ ግን ይፈቅዱላችኋል። ከዚያ አንዱ ፈታኝ ፒያኖ ላይ የማታውቁትን ነገር ተጫውቶ "አብረኸኝ ተጫወት" ሊላችሁ ይችላል። አትቸኩሉ። መጀመሪያ ስሙት።

ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር አብረን እንድንሠራ እፈልጋለሁ። ፊት ለፊት ያላችሁ እናቶች፣ ወንበሮቻችሁን ትንሽ ወደ እኔ አዙሩልኝ። ስልኮቹን ዝጉ። ሁላችሁም መዳፋችሁን ጠረጴዛው ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ። ከእናንተ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ እናቱ ቤት ውስጥ ስትሠራ ይሰማው የነበረውን ምት ይጀምርልን፤ ውቀጣም ይሁን፣ ወፍጮም ይሁን፣ የወንፊት መንፋትም ይሁን። እኛ እንቀበለዋለን። እርስዎ፣ እዚያ ጥግ ያሉት እናት፣ እጅዎ ጀምሯል፤ ይቀጥሉ፣ እየሰማን ነው።